መጀመሪያ ካርታውን እዩት፦ ስለ ቱር ሕይወት ለወጣት ሙዚቀኞች የተናገርኩት

ጤና ይስጥልኝ፣ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው። ስለ ቱር አውራ ስባል ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት፣ ምክንያቱም ይሄን ሥራ ከልቤ እወደዋለሁ፣ ቤዝ ጊታር ይዤ ከከተማ ከተማ መዞር ኑሮዬ ነው፣ ደግሞም ብዙ ጎበዝ ሙዚቀኛ ሙዚቃው ሳይከብደው መንገዱ ሲጥለው ስላየሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጭብጨባው ብዙም አላወራም። ስለ ካርታ ነው የማወራው።

አንድ ሰው ደውሎ «ሃያ ከተማ፣ አንድ ወር፣ ትመጣለህ?» ሲል አብዛኞቻችን ቀድመን የምንጠይቀው ስንት ይከፈላል የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሥራ ነው፣ መብላት አለብን። ግን ከሱ በፊት መጠየቅ ያለበት ከተሞቹ እንዴት ነው የተደረደሩት የሚለው ነው፣ የሙያው ሰዎች ራውቲንግ ይሉታል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስንት ሰዓት ነው፣ ማን ነው የሚነዳው፣ ሰው የት ነው የሚተኛው፣ ባዶ ቀን መቼ ነው ያለው። ክፍያው የፈለገ ያህል ጥሩ ቢሆን ራውቲንጉ ከተበላሸ ያ ቱር ድምፃችሁን ይወስዳል፣ ጤናችሁን ይወስዳል፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ ታሪክ አለው።

(ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳያምታታችሁ።)

1959 ላይ አሜሪካዊው የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ ባዲ ሆሊ ከነሪቺ ቫለንስና ከጄ ፒ ሪቻርድሰን ጋር ሆኖ ዊንተር ዳንስ ፓርቲ የሚባል ቱር ላይ ወጣ። ጃንዋሪ 23 ሚልዋኪ ተጀመረ፣ 24 ከተማ በ24 ቀን፣ ያውም በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ፣ ያውም በክረምት። ከተሞቹን የደረደረው ሰው ርቀታቸውን ያየ አይመስልም፣ አንድ ቀን ወደ ምዕራብ በማግስቱ ወደ ምሥራቅ እየተመላለሱ ባለፉበት መንገድ ተመልሰው ይሄዱ ነበር። አውቶብሶቹ ማሞቂያቸው የማይሠራ፣ በየመንገዱ የሚቆሙ ናቸው፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላ ይመጣል፣ ሌላውም ይበላሻል። ድራመሩ ካርል በንች አውቶብስ ውስጥ እንደተቀመጠ እግሩን ውርጭ መታውና ሆስፒታል ገባ። ሙዚቀኞቹ ማሞቂያ በሌለው አውቶብስ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንበው ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ አድረው ማታ ደግሞ ፈገግ ብለው መጫወት አለባቸው።

ባዲ ሆሊ ክሊር ሌክ፣ አይዋ ላይ ተጫውቶ ሲጨርስ ቀጣዩ ሾው ሚኒሶታ ውስጥ ሙርሄድ ነበር፣ ሌላ ረጅም ሌሊት በዛ አውቶብስ። በቃ አልቻለም፣ ትንሽ አውሮፕላን ተከራየ። ለምን መሰላችሁ? ቀድሞ ደርሶ ትንሽ ሊተኛና የቆሸሸ ልብሱን ሊያሳጥብ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ዌይሎን ጄኒንግስ ወንበሩን ጉንፋን ለያዘው ለሪቻርድሰን ለቀቀለት፣ ጊታሪስቱ ቶሚ ኦልሰፕ ደግሞ ከቫለንስ ጋር ሳንቲም ወርውረው ተሸነፈ። ፌብሩዋሪ 3 ሌሊት አውሮፕላኑ ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ ወደቀ፣ ሦስቱም ከፓይለቱ ጋር ሞቱ። ባዲ ሆሊ 22 ዓመቱ ነበር፣ ቫለንስ 17። የአደጋ ምርመራው ምክንያቱን ከአየር ጠባዩና ከፓይለቱ ውሳኔ ጋር ነው ያያያዘው፣ ልክ ነው። ግን አውሮፕላኑ ላይ ያሳፈራቸው አውቶብሱ ነው፣ አውቶብሱን እንደዛ መከራ ያደረገው ደግሞ ካርታው ነው። ቱሩ አልቆመም፣ የዛኑ ቀን ማታ ሙርሄድ ላይ ሾው ነበር፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት ገደማ ቀጠለ። እኔን ከአደጋው እኩል የሚያመኝ ይሄ ነው። ጓደኞቻቸው ሞተው ማታ ስቴጅ ላይ ወጡ፣ ምክንያቱም ቀኑ ተይዟል፣ ትኬት ተሸጧል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ ያን ፕሮግራም ያወጣው ሰው ቸኩሎ የታጠቀውን ልጆቹ ነው የከፈሉለት።

ይሄ የሮክ ኤንድ ሮል ዘመን ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሞዛርት በሰባት ዓመቱ ከአባቱ፣ ከእናቱና ከእህቱ ጋር በጁን 1763 ከሳልዝቡርግ ወጥቶ የተመለሰው በኖቬምበር 1766 ነው፣ ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው፣ በፈረስ ጋሪ። ገና ሲጀምሩ ቫሰርቡርግ አካባቢ የጋሪው ጎማ ተሰበረ፣ እስኪጠገን እዛው አደሩ፣ አባትየው በዛ መሃል ልጁን ቤተክርስቲያን ወስዶ የኦርጋን ፔዳል እንዴት እንደሚረገጥ አሳየው። ሲያነቡት ደስ ይላል፣ የተበላሸ ቀን ትምህርት ሲሆን። ግን በዛው ጉዞ ሄግ ከተማ ላይ እህቱ ናነርል ከባድ በሽታ ይዟት ለሞት የሚደረገው የመጨረሻ ጸሎት እስኪደረግላት ደርሳ ነበር፣ ከሷ በኋላ እሱም ታመመ። ልጅ ናቸው፣ ደክሟቸዋል፣ በየከተማው አዲስ አልጋ አዲስ ውኃ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደናንተ። የመጀመሪያ ቱራችሁ በአውሮፕላንና በትልቅ አውቶብስ ላይሆን ይችላል፣ ቫን ነው የሚሆነው። ከኋላ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) እና ድራም፣ መሃል ላይ ሰው፣ መሪው ላይ ከናንተው አንዱ። እና ልብ ብላችሁ ስሙኝ ምክንያቱም ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ የትልቅ አውቶብስ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፣ በቀን 9 ሰዓት ነው የሚነዳው፣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ 10 ይፈቀድለታል። ሰዓቱን የሚመዘግብ መሣሪያ መኪናው ላይ አለ፣ ቢያጭበረብር ይቀጣል። ግን ይሄ ሕግ የሚመለከተው ሾፌሩን ጨምሮ ከዘጠኝ ሰው በላይ ለሚጭን መኪና ነው። የናንተ ቫን ዘጠኝ ወንበር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሕጉ ውጪ ናት ማለት ነው። የሚያስቆማችሁ የለም። ድራመሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲደበድብ አምሽቶ ላቡ ሳይደርቅ መሪ ቢይዝ ማንም አይጠይቀውም።

1997 ላይ ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 ፐርሰንት አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ነው ይላል፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 ይጠጋል። አሁን የቱር ቀናችሁን አስቡት። ጠዋት 2 ሰዓት ተነሳችሁ፣ ማታ 5 ሰዓት ሾው አለቀ፣ ዕቃ ፈታታችሁ፣ ጫናችሁ፣ ሰው ተሰናበታችሁ፣ ሌሊት 7 ሰዓት። ቁልፉን ስታዞሩ 17 ሰዓቱ ልክ ሞልቷል። አንድ ጠብታ ሳትቀምሱ ጠጥቶ እንደሚነዳ ሰው ናችሁ፣ ከኋላችሁ ደግሞ የተኙ ጓደኞቻችሁ አሉ፣ ከነሱ ኋላ ያለው ከባድ የብረት ዕቃ መኪናው በድንገት ቢቆም ወደ ፊት የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ካልሠራላችሁ የራሳችሁን ሕግ አውጡ። እኔ አብሬ የምጓዛቸው ባንዶች ጋ ያለው ሕግ ቀላል ነው፣ የተጫወተ ሰው የዛን ሌሊት አይነዳም። ወይ ሾፌር ይቀጠራል፣ ወይ ቱር ማናጀሩ ቀን ተኝቶ ሌሊት ይነዳል፣ ወይ እዛው ከተማ ይታደርና ጠዋት ይወጣል። አራተኛ የለም። ይሄ ገንዘብ ያስወጣል፣ አዎ ያስወጣል፣ ለዚህ ነው ቱሩን ከመቀበላችሁ በፊት ካርታው ላይ መታየት ያለበት፣ በኋላማ ስቴጁ ጋ ዕቃ እየጫናችሁ «ማን ይንዳ» ስትባባሉ መጨረሻ ላይ የሚነዳው እምቢ ማለት የከበደው ልጅ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛ፣ ካርታው ላይ ርቀቱን በኪሎሜትር አትዩት፣ በሰዓት እዩት፣ እና ስልካችሁ የሚላችሁን ሰዓት አትመኑ። ስልኩ አምስት ሰዓት ካለ ቫን ከነተጎታቹ፣ ከነዳጁ፣ ከሽንት ቤቱ፣ ከምሳው ጋር ሰባት ነው። ድንበር ካለ ደግሞ ሰዓቱ የናንተ አይደለም፣ የጉምሩኩ ነው። ሳውንድ ቼክ፣ ከሾው በፊት ድምፅ የሚሞከርበት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሆነና መንገዱ ሰባት ሰዓት ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት መንቀሳቀስ አለባችሁ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ተኝቶ ማለት ነው። አንድ ቀን ይቻላል። ሁለተኛው ቀንም ይቻላል። በአራተኛው ቀን ዘፋኛችሁን ስሙት፣ ድምፁ ላይ ትሰሙታላችሁ።

ትልቅ አውቶብስ ስታገኙ ነገሩ ይቀላል፣ ግን እሱም የራሱ ሥርዓት አለው፣ ቀድሞ ማወቁ ጥሩ ነው። አልጋ ያለው አውቶብስ ውስጥ ብዙ ጊዜ 12 ሰው ይተኛል፣ ሦስት ሦስት እየተደራረበ፣ መጋረጃ አለው፣ ትንሽ መብራት አለው፣ በደንብ መቀመጥ አይቻልም፣ ትገባላችሁ ትተኛላችሁ። የሚተኛው እግር ወደ ፊት፣ ወደ ሾፌሩ አቅጣጫ ነው፣ ምክንያቱም በድንገት ፍሬን ቢያዝ የሚገፋው እግራችሁ ይሁን እንጂ አንገታችሁ አይሁን። ጫማ መተላለፊያው ላይ አይቀመጥም፣ ሌሊት በጨለማ የሚነሳ ሰው አለ። ሽንት ቤቱ ለሽንት ብቻ ነው፣ ለሌላው ሾፌሩ እንዲቆም ይጠየቃል፣ ይሄን የማይነግራችሁ ሰው ካለ እኔ ነገርኳችሁ። የተዘጋ መጋረጃ የተዘጋ በር ነው፣ ማንም አይከፍተውም። ሌሊት ለነዳው ሾፌር ደግሞ ቀን የሚተኛበት የሆቴል ክፍል ይያዝለታል፣ በጀት ሲጠብ ይሄን ክፍል የሚቆርጥ ፕሮሞተር (ሾው አዘጋጅ) ካያችሁ ከዛ ቱር ውጡ፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

አውቶብሱም ቢሆን መንገድ ላይ ነው ያለው። ክሊፍ በርተን፣ የሮክ ባንዱ የሜታሊካ ቤዝ ተጫዋች፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1986 ከስቶክሆልም ወደ ኮፐንሃገን ሲጓዙ ሌሊት አውቶብሱ ተገልብጦ ሞተ፣ ተኝቶ ነበር፣ 24 ዓመቱ። ማን የትኛው አልጋ ላይ ይተኛ ብለው የመጫወቻ ካርታ ስበው ነበር፣ የተሻለውን አልጋ እሱ አሸነፈ። የአደጋው መንስኤ እስካሁን ያከራክራል፣ ስለዚህ እኔ በዚህ ላይ ፍርድ አልሰጥም። እንደ ቤዝ ተጫዋች ግን በአውቶብስ በተኛሁ ቁጥር አስበዋለሁ፣ እና ሾፌሩን «ተኛህ? በላህ?» ሳልል አልገባም። እናንተም ጠይቁ፣ ነውር አይደለም፣ ጥሩ ሾፌር ደስ ነው የሚለው።

የት ነው የሚተኛው የሚለው ጥያቄ ለአንዳንዶች ከእንቅልፍም በላይ ነበር። የጃዝ ኦርኬስትራ መሪው ዱክ ኤሊንግተን በ1930ዎቹ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሲዞር ኦርኬስትራውን በተከራየው የባቡር ፉርጎ ነበር የሚያጓጉዘው፣ መኝታ ያለው ፉርጎ፣ ዕቃ መጫኛ ፉርጎ፣ ሁሉም ነገር የራሱ። ማታ የሚጨበጨብለት ሙዚቀኛ ሾው ሲያልቅ በዛው ከተማ ሆቴል አልጋ አይሰጠውም፣ ምክንያቱም ጥቁር ነው። ሃርለም ይኖር የነበረው ፖስታ አከፋፋይ ቪክቶር ሁጎ ግሪን 1936 ላይ ማተም የጀመረው ግሪን ቡክ የሚባለው መመሪያ ጥቁር ተጓዦች የት ማደር፣ የት መብላት፣ የት ነዳጅ መቅዳት እንደሚችሉ ከተማ በከተማ የሚዘረዝር ነበር፣ ለተጓዥ ሙዚቀኛ ትልቅ ነገር ነው። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ ቢ ኪንግ በ1956 ብቻ 342 ሾው ተጫውቷል ይባላል፣ ሰው ይሄን ሲሰማ ብርታቱን ያደንቃል፣ እኔም አደንቃለሁ፣ ግን ከያንዳንዱ ሾው በኋላ ዛሬ የት ነው የሚታደረው የሚል ጥያቄ አብሮት እንደነበረም አስቡት። እነሱ ያን ሁሉ ማሰብ የተገደዱት ስላልተፈቀደላቸው ነው፣ እኛ ተፈቅዶልን ሳናስብ ስንቀር ያሳዝነኛል።

አሁን ስለ ጆሮ። ይሄ ካርታው ላይ አይታይም፣ ግን ከካርታው ጋር የተያያዘ ነው፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ኒዮሽ የሚለው ለ85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን 8 ሰዓት ነው ገደቡ፣ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ነው። ድራም አጠገብ የቆመ ሰው ከ100 በላይ መስማቱ የተለመደ ነው። ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዘፈኖች ላይ የቀኑን ድርሻችሁን ጨርሳችኋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሾው በሙሉ ከገደቡ በላይ ነው፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ሾው አለ፣ በመሃል ቫን ውስጥ የመንገድ ጩኸት አለ፣ ከሱ በላይ ከፍ የተደረገ ሙዚቃ አለ። ከሾው በኋላ ጆሯችሁ ሲያፏጭ ዝምታ ነው የሚፈልገው፣ ባዶ ቀን የሌለው ቱር ግን ይሄን ዝምታ አይሰጠውም። ጆሮና ካርታ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ቢትልስ 1965 ላይ ኒው ዮርክ ሺያ ስታዲየም ሲጫወቱ ከ55 ሺህ በላይ ሰው ነበር፣ ድምፃቸው የሚወጣው በስታዲየሙ ማስታወቂያ መናገሪያ ነበር፣ ስቴጅ ላይ ለራሳቸው የሚያሰማቸው ሞኒተር አልነበረም። ድራመሩ ሪንጎ የሌሎቹን ጀርባና የራስ እንቅስቃሴ እያየ ነበር ዘፈኑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው። ኦገስት 29 ቀን 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ካንድልስቲክ ፓርክ ላይ ተጫውተው ከዚያ በኋላ ቱር አልወጡም። በዓለም ላይ የፈለጉትን ያህል ትኬት መሸጥ የሚችሉ ሰዎች ናቸው ያቆሙት፣ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ አንዱ ግን የሚጫወቱትን አለመስማታቸው ነው። ዛሬ እኛ ኢን-ኢር አለን፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሞኒተር፣ ግን እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ያው አደጋ ነው። የኤሲ/ዲሲው ዘፋኝ ብራያን ጆንሰን 2016 ላይ ሐኪሞች ቱሩን ካላቆምክ ጨርሶ ላትሰማ ትችላለህ ብለውት ከመሃል አቋርጧል፣ ከዓመታት በኋላ ነው በአዲስ የጆሮ ቴክኖሎጂ ታግዞ የተመለሰው።

መፍትሔው ትንሽ ነገር ነው። ለሙዚቀኛ ተብሎ የሚሠራ የጆሮ መድፈኛ አለ፣ ፊልተር ያለው፣ ድምፁን ሳያደፈርስ በሙሉ እኩል በ15 ዴሲቤል ገደማ የሚቀንስ። በጆሯችሁ ልክ የሚሠራም አለ። የአረፋው ከሆነ ቀጭኑን ድምፅ ቆርጦ ወፍራሙን ይተወዋል፣ ሲምባሉ ይጠፋል፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው «አልሰማም» ብሎ የሚያወጣው። የሙዚቀኛውን ልመዱት፣ ከልምምድ ክፍል ጀምራችሁ። ጆሮ ውስጥ ያለችው ጸጉር መሳይ ሕዋስ አንዴ ከሞተች ተመልሳ አትበቅልም፣ ይሄ ሊያስለቅሰን የሚገባ ነገር ነው፣ ሥራችን እኮ መስማት ነው።

ገንዘቡን በአጭሩ ልበልና ልለፍ፣ ምክንያቱም እሱን የሚያስተምራችሁ ብዙ ሰው አለ። ጋራንቲ የሚባለው ሰው መጣም አልመጣም የሚከፈላችሁ ነው፣ ሌላው ከትኬት ሽያጭ ፐርሰንት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ የሚበልጠው ይባላል። አንዳንድ አዳራሾች ከምትሸጡት ቲሸርት ላይ 20 ፐርሰንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆርጣሉ፣ ኮንትራቱ ላይ ቀድማችሁ ፈልጉት። እና ባዶ ቀን ገቢ የለውም፣ ወጪው ግን አይቆምም፣ ሆቴሉ፣ መኪናው፣ የሰው የቀን አበል። ለዛ ነው ፕሮሞተር ባዶ ቀን የሚጠላው፣ በሱ በኩል ስታዩት ይገባኛል። ግን ከአምስት ስድስት ሾው በኋላ ባዶ ቀን ከሌለ ድምፅ የጠፋበት ዘፋኝ የሚሰርዘው ሾው ከዛ ባዶ ቀን በላይ ነው የሚያስከፍለው፣ ስትደራደሩ በዚህ በኩል አስረዱት፣ የሚሰማ ሰው ይሰማል።

ድንበር ስትሻገሩ ደግሞ ወረቀት። ኤ ቲ ኤ ካርኔ የሚባል ሰነድ አለ፣ ከ1961 ስምምነት ጀምሮ ያለ፣ ዕቃችሁን ለጊዜው አስገብታችሁ መልሳችሁ እንደምታወጡ የሚያረጋግጥ፣ ቀረጥ እንዳትከፍሉ። እያንዳንዱ ጊታር፣ እያንዳንዱ አምፕ ከነሲሪያል ቁጥሩ ይዘረዘራል። የጉምሩክ ሰው ኬዙን ያስከፍታል፣ ጊታሩን ገልብጦ ከኋላ ያለውን ቁጥር በባትሪ እያየ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል፣ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ እዛው ትቆማላችሁ። ስትገቡም ስትወጡም ማኅተም አስመቱ፣ እንቅልፍ ይዟችሁ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «በቃ እንለፍ» ብላችሁ ማኅተሙን ከዘለላችሁት ከወራት በኋላ ዕቃውን እዛው ሸጣችኋል ተብሎ ቀረጥ ሊጠየቅ ይችላል። የድሮ ጊታር ያላችሁ ደግሞ እንጨቱን እወቁ፣ የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ነው፣ ያለ ሰርተፍኬት ድንበር አያልፍም፣ የዝሆን ጥርስ ያለበት መሣሪያም እንደዛው።

ኤሌክትሪኩንም እዩ። ቮልቴጁን ብዙ ሰው ያስታውሳል፣ 120 የሆነ አገር አለ 230 የሆነ አገር አለ፣ ትራንስፎርመር ይገዛል። ኸርዙን፣ የመብራቱን ድግግሞሽ፣ ግን ይረሳል። የድሮው ሐሞንድ ኦርጋን ሞተሩ የሚሽከረከረው በመብራቱ ፍጥነት ስለሆነ ለ60 ኸርዝ የተሠራውን 50 ኸርዝ ያለበት አገር ወስዳችሁ ብትሰኩት ሦስት ሴሚቶን ገደማ ወርዶ ነው የሚጫወተው። ቮልቴጁ ተስተካክሎ፣ መሣሪያው በርቶ፣ ሁሉም ነገር ደህና መስሎ ድምፁ ሌላ ኪ ላይ! ሾው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀር ይሄን ማወቅ ከባድ ነው።

ካርታውን ስታዩ የመጨረሻውን ከተማም እዩ። ሰው ይሄን አያይም። ቱር ሲያልቅ በየማታው የነበረው ጩኸት በአንድ ቀን ይቆማል፣ ሰውነታችሁ ግን ማታ 3 ሰዓት ሲሆን አሁንም ለስቴጅ ይነሳል፣ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ልባችሁ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ከቤተሰብ ጋር ማውራት ይከብዳል። በሽታ አይደለም፣ ግን ቀላልም አይደለም፣ ለቤተሰባችሁም ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምንም ትልቅ ነገር አትያዙ፣ ሰርግም ቢሆን ስብሰባም ቢሆን።

የአንዳንዱ ሰው ቱር ደግሞ ያለቀበት ቦታ ሕይወቱን ይቀይረዋል። ዋልያስ ባንድ 1981 ላይ አሜሪካ ቱር ወጣ፣ ሲያልቅ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ተመለሱ አንዳንዶቹ እዛው ቀሩ፣ ከቀሩት አንዱ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ነው። 1985 ላይ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ፣ ከዚያ ለብዙ ዓመት ዋሽንግተን አካባቢ ኤርፖርት ላይ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ይዞ ነበር የሚዞረው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ወንበር ላይ ሆኖ ይለማመዳል። 2013 ላይ ያ ካሴት እንደገና ታትሞ ወጣና ሰው ፈለገው፣ እንደገና ቱር ወጣ፣ እንደገና በየአገሩ ተጫወተ። ስቴጅ ሲጠራው እጁ ዝግጁ ነበር። ቱር ላይ ስንሆን የምንረሳው አንዱ ነገር ይሄው ልምምድ ነው፣ በየቀኑ ስለምንጫወት እየተለማመድን ይመስለናል፣ ያው አንድ ዓይነት ዘፈን ነው የምንደጋግመው፣ እጃችን ሌላውን ይረሳል። አውቶብስ ውስጥ በሄድፎን ግማሽ ሰዓት፣ ማንም አይረበሽም፣ እሱ በታክሲ ከቻለው እኛ በአውቶብስ አያቅተንም።

ጥያቄ ላይ አንዲት ልጅ ለመጀመሪያ ቱሬ ምን ልያዝ ብላ ጠይቃኝ ነበር፣ ለሁላችሁም ይሆናል ብዬ እዚህ ጻፍኩት። የጆሮ መድፈኛ ሁለት፣ አንዱ ይጠፋል። ዓይን መሸፈኛ። ውኃ መያዣ። ትርፍ ገመድና ትርፍ ክር፣ የዕቃችሁ ዝርዝር ከነቁጥሩ ስልክ ላይም ወረቀት ላይም፣ የፓስፖርት ኮፒ። ከእንጨት ለሆነ መሣሪያ ኬዝ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ፣ ከ45 እስከ 55 ፐርሰንት መሃል እንድትቆይ። አንድ ለስቴጅ ብቻ የምትለብሱት ጫማ። እና ከመውጣታችሁ በፊት የቱሩን ፕሮግራም ለምኑና አስልካችሁ ተቀበሉ፣ ከተሞቹን አንድ በአንድ ካርታ ላይ በእጃችሁ አስምሩ፣ በየመሃሉ ስንት ሰዓት እንደሆነና ማን እንደሚነዳ አጠገቡ ጻፉ። የማን ስም እንደሚጻፍ ያላወቃችሁበት ሌሊት ካለ ለፕሮሞተሩ ደውላችሁ ያን ሌሊት ጠይቁ፣ ፊርማው ከዚያ በኋላ ይሁን።